ሰማያዊዋ ሽቦ፦ የመኪና ቴፕ፣ የወንበር ሥር ሳጥንና የባለቤትነት ታሪክ

ከመካከላችን አንዱ መኪና ገዛ። ይኼ በራሱ ዜና ነው! ሌሎቻችን ዛሬም የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። መኪናዋ ያገለገለች፣ ለጃፓን ገበያ ተሠርታ ባሕር አቋርጣ የመጣች ናት። ሞተሯ ደህና፣ ወንበሯ ንጹሕ፤ ሬዲዮዋ ግን ከአገሯ ውጪ ምንም አያውቅም። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር ላይ የተወሰነ ነበር። እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው። ጓደኛችን ቁጥሩን ወደ ላይ ቢገፋው ቢገፋው 90 ላይ ይደርስና ተመልሶ 76። አዲስ አበባ መሃል እየነዳ ሸገርን መስማት ያቃተው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አየን።

መፍትሔው ቀላል መሰለን። አዲስ ቴፕ መግዛት! (ካሴት ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ እኛ ግን ዛሬም «ቴፕ» ነው የምንለው። ስሙ ከዕቃው በላይ ዕድሜ አለው።) ስክሪንና ብሉቱዝ ያለው ተገዛ። ከነሶኬቱ አመጣነውና የሽቦዎቹን ቀለም እያመሳሰልን ራሳችን አሰርነው። ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው፣ ጥቁሩ ከማሳ፣ የቀሩት ከስፒከር። ቁልፉ ዞረ። ስክሪኑ ቦግ አለ። ዘፈኑ ይሄዳል፣ ሰከንዱ ይቆጥራል… ድምፅ ግን የለም። ጭጭ።

አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድን። በዕድሜ አባታችን ስለሚሆኑ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ብዙም ሳይጠይቁን ጎንበስ ብለው የፊት ወንበሩን ሥር በባትሪ መብራት አዩና ሳቁ።

«ይቺን አላያችሁም?» አሉ። «ከፋብሪካ አብራት የመጣች አምፕሊፋየር ናት። ተኝታለች። የሚቀሰቅሳት ሰው አጥታ ነው።»

ከአዲሱ ቴፕ ጀርባ ነጭ መስመር ያላት ሰማያዊ ሽቦ ተንጠልጥላለች። እኛ ትርፍ መስላን ጫፏን በናስትሮ ጠቅልለን ትተናት ነበር። ለካ የመቀስቀሻዋ ሽቦ እሷ ኖራለች!

ጋሼ ሁለት ምርጫ ሰጡን። ወይ ሳጥኗን ቆርጦ መጣልና ቴፑን ከስፒከሮቹ ጋር በቀጥታ ማገናኘት፤ ወይ ሳጥኗን ከአዲሱ ቴፕ ጋር ማስማማት። «አስቡበትና ንገሩኝ» አሉን። እኛም አሰብንበት። እያሰብን ሳለ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብን፦ ለመሆኑ የመኪና ፋብሪካ አምፕሊፋየርን ወንበር ሥር መደበቅ የጀመረው መቼ ነው? ለምንስ? ጥያቄው ከጠበቅነው በላይ ሩቅ ወሰደን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሞ የጮኸው ስቱድቤከር

በ1920ዎቹ መጨረሻ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ማስገባት ማለት መኪናዋን መቅደድ ማለት ነበር። የዚያ ዘመን ሬዲዮ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ይሠራል። ቱቦዎቹ ቦታ ይፈጃሉ፣ ይሞቃሉ፣ ኃይል ይበላሉ። ስፒከሩ ለብቻ፣ ተቀባዩ ለብቻ፣ ባትሪዎቹ ለብቻ ቦታ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ የሞተሩ ካንዴላ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ጣቢያውን ይውጠዋል።

በ1928 ቺካጎ ውስጥ ፖል ጋልቪን ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር አነስተኛ ፋብሪካ ከፈተ። ኤልመር ዌቨሪንግና ዊልያም ሊር ከሚባሉ ወጣት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ጋልቪን በገዛ ስቱድቤከሩ ላይ ሬዲዮ ገጠመ። በሰኔ 1930 የሬዲዮ አምራቾች ጉባኤ ወደሚካሄድበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ነዳው። በአዳራሹ ውስጥ ማሳያ ቦታ አልነበረውም። ምን አደረገ? መኪናውን ደጅ አቁሞ ድምፁን ከፍ አደረገው! ሰዉ እየወጣ ሰማ፣ ትእዛዝም ሰጠ። የሬዲዮው ስም «ሞቶሮላ» ሆነ፤ «ሞተር» ከሚለው ቃል ላይ በዘመኑ የሸክላ ማጫወቻዎች ስም መጨረሻ ይታይ የነበረውን «ኦላ» ቀጥለው ነው። ኩባንያው ራሱ ይህን ስም የወሰደው በ1947 ነው።

ስለዚህ ጊዜ አንድ ወግ ይነገራል። ጋልቪን ብድር እንዲሰጠው ሊያግባባው በፈለገ የባንክ ሰው መኪና ላይ ሬዲዮውን ቢገጥምለት፣ መኪናዋ ብዙም ሳትቆይ በእሳት ተያያዘች አሉ። ብድሩም ቀረ። (እኛ የደረሰብን ዝምታ ብቻ ነው፤ ተመስገን!)

በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንፈልጋት ነጥብ አንዲት ናት። የመኪና ሬዲዮን ገበያ የከፈተው የመኪና ፋብሪካ አይደለም። ፋብሪካው መኪናውን ያለ ድምፅ ሸጠ፤ ድምፁን ያስገባው ሌላ ሰው ነው፣ ከውጭ፣ መሰርሰሪያ ይዞ። ዛሬ እኛ ጋራዥ የሚሠራው ሥራ የሬዲዮው የመጀመሪያ ታሪክ ነው ማለት ነው።

በ1932 ደግሞ ጀርመን ውስጥ ብላውፑንክት «አውቶሱፐር ኤ ኤስ 5» የሚባለውን የመኪና ሬዲዮ አወጣ። ዋጋው 465 ራይሽስማርክ፣ ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ። ይህን የሚያህል ሣጥን መሪው አጠገብ ስለማይገባ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ሹፌሩም በመሪው ዘንግ ላይ በተገጠመ መቆጣጠሪያ ያዘዋል። እንግዲህ የተደበቀው ሣጥንና ከሩቅ የሚያዘው እጅ ያኔም ነበሩ።

አሥራ ሁለት ቮልት ምን ያህል ያስጮኻል?

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡን። የዚያ ዘመን የመኪና ባትሪ 6 ቮልት ነው። ቱቦዎቹ የሚፈልጉት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት። ይህን ክፍተት የሞላው ቫይብሬተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። እንደ ንብ እየተርገበገበ የባትሪውን ኃይል ይቆራርጠዋል፤ የተቆራረጠውን ኃይል ትራንስፎርመር ከፍ ያደርገዋል። በዘመኑ ሬዲዮ ሲከፈት ከዘፈኑ በፊት የዚህ ዕቃ ዝዝዝታ ይሰማ ነበር።

ትራንዚስተር በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ሲፈጠር ይህ ሁሉ መሄጃው ደረሰ። በ1955 ክራይስለርና ፊልኮ ምንም ቱቦ የሌለበት የመኪና ሬዲዮ ይፋ አደረጉ፤ የተጨማሪ ዕቃ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። ትራንዚስተር በመኪናው ባትሪ ቮልት በቀጥታ ስለሚሠራ ቫይብሬተሩን አላስፈለገውም። ሬዲዮው ቀለለ፣ ቀዘቀዘ፣ አነሰ።

ግን ሌላ ግድግዳ ተጋረጠ። ሞተር ተነሥቶ እንኳ የመኪና ኤሌክትሪክ ከ14 ቮልት ብዙም አይበልጥም። 4 ኦም የሆነ ስፒከር ላይ ይህ ቮልት የሚያወጣው እውነተኛ ጉልበት፣ ቢጣጣሩበት፣ በአንድ ስፒከር 20 ዋት አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ «50 በ 4» ተብሎ ቢጻፍም የሚናገረው ለቅጽበት ስለሚደርስበት ጫፍ ነው። ለዜናና ለለስላሳ ዘፈን 20 ዋት ይበቃል። ለቤዝ ግን አይበቃም። ወፍራሙ ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ አየር መግፋት ደግሞ ጉልበት ነው።

በ1970ዎቹ ለዚህ መላ ከፈለጉት አንዱ በአሪዞና የሚኖረው ጂም ፎስጌት ነው፤ በ1973 የመኪና አምፕሊፋየር ሠራ። የእነዚህ ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ምስጢር ምን መሰላችሁ? ያው የድሮው የቫይብሬተር ብልሃት ነው! የባትሪውን 12 ቮልት በትራንዚስተር በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ ይቆራርጡታል፣ ከፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ ስፒከሩን በከፍተኛ ቮልት ይነዱታል። ንቡ ሞተ፣ ብልሃቱ ግን ኖረ። ሰብ ዎፈር በመኪና ኋላ ተጭኖ መስታወት ማንቀጥቀጥ የቻለው በዚህ ነው።

የቀዳዳው ዘመን

ከጋልቪን ጋር የሠራው ዊልያም ሊር አርፎ አልተቀመጠም። በኋላ ስሙን የያዘችውን የግል ጄት አውሮፕላን ከሠራው ሰው ጋር አንድ ሰው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ባለ ስምንት መስመር የቴፕ ካርትሪጅ ይዞ መጣ። ፎርድ ለ1966 ሞዴል መኪኖቹ ማጫወቻውን በአማራጭነት አቀረበ። ከዚያ በ1963 ፊሊፕስ ያወጣት ትንሿ ካሴት ሁሉንም አሸነፈች። እኛ አገር የአንድ ትውልድ ዘፈን በሙሉ በእሷ ላይ ታትሞ ወጣ፤ ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ እየተሽከረከረች ቃሏን አተረፈችልን፦ «ቴፕ»።

ካሴት ሲመጣ፣ ቀጥሎም በ1984 ፓዮኒየር የመኪና ሲዲ ማጫወቻ ሲያወጣ፣ ባለመኪናው በየጊዜው አዲስ ዕቃ ይፈልጋል። መኪና ግን በየጊዜው አይገዛም። እዚህ ላይ አንድ ትሑት ቀዳዳ ታሪክ ሠራች። ወርዷ 182፣ ቁመቷ 53 ሚሊ ሜትር። ከጀርመን መስፈርት ተነሥታ በ1984 አይ ኤስ ኦ 7736 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነች። የጃፓን አምራቾች ቁመቷን እጥፍ አድርገው ትልቋን አስለመዱ። ሶኬቶችም መስፈርት ወጣላቸው። ነጭ ለግራ ፊት፣ ግራጫ ለቀኝ ፊት፣ አረንጓዴ ለግራ ኋላ፣ ሐምራዊ ለቀኝ ኋላ፤ ጥቁር መስመር ያለባት ኔጌቲቯ።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የማይተዋወቁ ኩባንያዎች፣ አንዱ ከኦሳካ ሌላው ከሽቱትጋርት፣ በአንዲት ቀዳዳ ስለተስማሙ ነው ያንዱ ቴፕ በሌላው መኪና ውስጥ የሚገባው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ አንድ ቴፕ ከአንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው ላይ የሚገጠመው በዚሁ ስምምነት ነው። ቀዳዳዋ የባለቤቱ ነበረች። የፈለገውን ያስገባባታል።

ሣጥኗ ወንበር ሥር ስትገባ

ፋብሪካዎቹ ይህን ገበያ ዝም ብለው አላዩትም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) መምህር የነበረው አማር ቦዝ በ1964 ኩባንያውን አቋቁሞ ነበር። ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ ለ1983 ሞዴል እንደ ካዲላክ ሴቪል ላሉ መኪኖች ከፋብሪካ የሚገጠም የድምፅ ሥርዓት አወጣ። ሐሳቡ አዲስ ነበር፦ መኪናዋ ራሷ የሙዚቃ ክፍል ናት። መስታወቱ ድምፅ ይመልሳል፣ ወንበሩ ድምፅ ይመጣል፣ ሹፌሩ መሃል ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ለዚያች መኪና ብቻ የተለካ ድምፅ ይሠራላት። እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ አምፕሊፋየር ነበረው።

እውነት ለመናገር ጥሩ ሥራ ነው። ደግሞም ለፋብሪካዎቹ ሌላ ምክንያት ነበራቸው፤ ሌባ። በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ሰዎች «ሬዲዮ የለም» የሚል ወረቀት በመኪናቸው መስታወት ላይ ይለጥፉ ነበር። ለአንዲት መኪና ብቻ የሚሆን ሬዲዮ ለሌባ አይመችም።

ችግሩ ግን ይኼ ነው፤ ለሌባ የማይመች ለባለቤቱም አይመችም። የፋብሪካ አምፕሊፋየር የሚሰማው የራሱን ሬዲዮ ቋንቋ ነው። ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ 2 ኦም፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ናቸው። አዲስ ቴፕ በቀጥታ ብታስሩባቸው ከአቅሙ በላይ ይጎተታል፣ ይሞቃል። ለመኪናዋ የተለካው የድምፅ ማስተካከያም ሣጥኗ ውስጥ ስለሆነ፣ እሷን ስትጥሉ እሱም አብሮ ይጣላል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክራይስለር የድምፅ ዕቃውን በመኪናው መነሻ ዋጋ ውስጥ አስገብቶ ሲሸጥ፣ የመኪና ቴፕ ሻጮችና ገጣሚዎች ከሰሱት። «ሰው መኪና ሲገዛ ቴፕም በግድ እየተሸጠለት ነው፣ ይህ ፍትሐዊ ውድድርን ይገድላል» አሉ። ጉዳዩ «ታውን ሳውንድ ከክራይስለር» ተብሎ ይታወቃል። በ1992 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለክራይስለር ፈረደ። ምክንያቱ በአጭሩ፦ ክራይስለር በመኪና ገበያው ላይ ሌላውን የማስገደድ ጉልበት የለውም፤ ያልወደደ ሰው የሌላ ፋብሪካ መኪና መግዛት ይችላል። አባባሉ የሚያሳምን ነው፤ ግን ሁሉም ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ካደረጉ ገዢው ወዴት ይሄዳል?

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሽቦም አላበቃም። በ2001 የወጣው የቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ «ሞስት» የሚባል መረብ ተጠቀመ፤ ሬዲዮና አምፕሊፋየር የሚነጋገሩት በመስታወት መሰል ክር ውስጥ በሚሄድ ብርሃን ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ሰማያዊ ሽቦ ብትፈልጉ አታገኙም። የሚቀሰቀሰው በኮምፒውተር መልእክት ነው። አስተርጓሚ የሚሆን ዕቃ ካልገዛችሁ ሣጥኗ አዲሱን ቴፕ አታውቀውም።

ጋሼ ምን አደረጉ?

የጓደኛችን መኪና ደግነቱ ከዚያ ዘመን በፊት ያለ ጠባይ አላት። ጋሼ ሣጥኗን አልቆረጧትም። «አባትና እናት ያወጡላትን ስም ለምን እንቀይራለን?» አሉ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ። (እኛ ይህን አላደረግንም ነበር። አትንገሩብን።) ከዚያ ሰማያዊዋን ሽቦ ከሣጥኗ የመቀስቀሻ ሽቦ ጋር አገናኙ።

ቁልፉ ዞረ። ወንበሩ ሥር «ጧ» አለ፤ ሣጥኗ ነቃች። ድምፅ መጣ! ግን እየተሰነጠቀ። ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዱን። የፋብሪካው ሬዲዮ ለሣጥኗ የሚልክላት ደካማ ምልክት ነው፤ ሹክሹክታ ማለት ነው፤ የማጉላቱ ሥራ የእሷ ነው። እኛ ግን ከአዲሱ ቴፕ ለስፒከር የተዘጋጀውን ጉልበተኛ ድምፅ ጆሮዋ ላይ እየጮኽንባት ነበር። ጋሼ በመካከል የድምፁን ጉልበት የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ አስገቡ። ሰብ ዎፈሩም ከኋላ ድብ ድብ ማለት ጀመረ። ጓደኛችን ቁጥሩን ወደ 102.1 ወሰደው። ሸገር! መኪናዋ አዲስ አበባ የገባችው ገና ያን ቀን ነው አልን።

ቀዳዳዋ ስትደፈን

ይህን ሁሉ የምናወራው ስለ ዘፈን ብቻ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከተማችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ውስጣቸውን አይታችኋል? መሃል ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። ሬዲዮው፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ የኋላ ካሜራው፣ የመኪናዋ መቼት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። 182 በ53 የምትባል ቀዳዳ የለችም። ሬዲዮው ከመኪናዋ ሊወጣ የሚችል ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በ2023 ጄኔራል ሞተርስ ወደፊት በሚያወጣቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የስልካችንን ስክሪን ወደ መኪናው የሚያመጡትን ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶን እንደሚተው አስታውቋል። በስልክ በኩል የቀረችውም በር እየተዘጋች ነው ማለት ነው።

እኛ ፋብሪካዎቹን ክፉ ናቸው አንልም። ቦዝና ባልደረቦቹ የሠሩት ድምፅ ሲሰማ ደስ ይላል፤ አንድ ላይ ተለክቶ የተሠራ ነገር ተገጣጥሞ ከተሠራ ሊሻል ይችላል። የምንለው ሌላ ነው። እኛ ያለንበት አገር መኪና ከተሠራላት አገር ርቃ፣ ከታሰበላት ዕድሜ በላይ የምትኖርበት ነው። የጃፓን ሬዲዮ ይዛ ትመጣለች፤ እኛ የራሳችንን ጣቢያ እናስገባባታለን። ይህን የምንችለው ቀዳዳዋ ስላለች፣ የሽቦዎቹ ቀለም ስለሚታወቅ፣ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎችም ስላሉ ነው። ነገ አንድ ስክሪን ቋንቋችንን ባያውቅ፣ ወይም አምራቹ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢረሳት፣ ጋሼ ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብለው የሚያገኙት ነገር ይኖር ይሆን?

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ባለመኪናና ማንኛውም ጋራዥ የመጠገኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዲኖራቸው አጽድቋል፤ በ2020ም ደግሞታል። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ገና አልተነሣም። መነሣት ያለበት ግን ቀዳዳዋ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነች በኋላ ሳይሆን አሁን ይመስለናል።

ጋልቪን በ1930 በር ላይ ቆሞ ያስጮኸው ሬዲዮ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር። መኪናዋም ተሰርስራ ተቀበለችው። ጓደኛችን አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲሄድ ሸገርን ከፍ አድርጎ ነው። አንዳንዴ ሊፍት ይሰጠናል። ወንበሩ ሥር የምትሞቀዋን ሣጥን በእግራችን እየነካን «ነቅታለች» እንባባላለን።

የገዛችሁትን ነገር ስትከፍቱ ትርፍ የምትመስል ሽቦ ካገኛችሁ፣ በናስትሮ ጠቅልላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ጠይቁ። ቸር ይግጠመን!